አንድ ትኬት ለአምስት ሰው

ለመንገድ ስንቅና ጓደኛ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ጓደኛው አምስት ነው፤ ስንቁ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የደረሰው። ከመካከላችን አንዷ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ፣ በማሌዢያ ዋና ከተማ በኳላ ላምፑር በሚደረግ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ጽሑፍ እንድታቀርብ ተጠራች። የአውሮፕላኑንም የመኝታውንም ወጪ ጋባዦቹ ይችላሉ። ስብሰባው በታኅሣሥ ነው፤ ዓርብ ማታ ያልቃል፤ የመመለሻዋ አውሮፕላን ደግሞ የሚነሣው እሑድ ሌሊት ነው። እንግዲህ በመካከሉ ባለቤት የሌላቸው ሁለት ቀናት ተገኙ ማለት ነው። እዚህ የምንጽፈው እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት አድርገን እንደ ተከፋፈልናቸው ነው።

"ተከፋፈልናቸው" ያልነው አፋችን ስቶ አይደለም። ጋባዦቹ ከስብሰባው በኋላ ላለው ጊዜ ሰባራ ሳንቲም ስለማይሰጡ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያና የምግብ ለመሸፈን አምስታችንም ዕቁብ ጣልን። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ አስቀድሞ የታወቀበት ዕቁብ ነው፤ ሁለተኛ ዙርም የለውም። የተማሪ ኪስ ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢ አንነግርም። ግን ገንዘብ ያዋጣ ሁሉ አፍ ያወጣል። "ብራችን ከሄደ እኛም ሄደናል" ተባለና የአንዲት ልጅ ጉዞ የአምስት ሰው ጉዞ ሆነ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እሷን "ተጓዧ" ነው የምንላት፤ የቀረነው አራታችን ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ነን።

ወዴት ትሂድ የሚለው ብዙም አላከራከረ። ኳላ ላምፑር ተቀምጣ መንታዎቹን ፎቆች አንጋጣ ስትመለከት ትዋል ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ፎቅስ እዚህም አንገታችንን እስኪያመን እያየን ነው። የታሪክ ተማሪያችን ግን ገና የአገሩን ስም ሲሰማ "ማላካ!" ብሎ ጮኸ። ማላካ ከኳላ ላምፑር በስተደቡብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በስሟ በሚጠራው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ዳር የተቆረቆረች አሮጌ የወደብ ከተማ ናት። ዩኔስኮ በ2008 ከጆርጅ ታውን ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል፤ ሰዓቱን ግን እንደ ራሳችን። ቅይጡን አንባቢ ይቻለን።)

ጩኸቱ ምክንያት ነበረው። ቶሜ ፒሬሽ የሚባል ፖርቱጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ ከ1512 እስከ 1515 ማላካ ተቀምጦ ስለ ምሥራቁ ዓለም ንግድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። ሰውዬው ኋላ መልእክተኛ ሆኖ ቻይና ሄደና እዚያ ታሠረ፤ ጽሑፉም ለብዙ ዘመን ከዓይን ተሰውሮ ኖሮ በ1937 ፓሪስ ውስጥ ተገኘና በ1944 ታተመ። ፒሬሽ በማላካ የሚነግዱትን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይቆጥራል። የካይሮ፣ የመካና የኤደን ሰዎች አሉ፤ የኪልዋና የማሊንዲ አሉ፤ ፋርስ፣ ቱርክ፣ አርመን፣ ጉጅራት፣ ቻይና፣ ጃቫ፣ ማን ቀረ ያሰኛል። በከተማዋ ሰማንያ አራት ቋንቋ እንደሚነገርም ጽፏል። በዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ፣ ከኤደኖቹና ከኪልዋዎቹ መሐል፣ ሐበሾችም ተጠቅሰዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስማቸው የለ፣ ቁጥራቸው የለ፣ ምን ይዘው እንደ መጡ የለ።

ይህ ሲነበብልን የሐረሩ ልጅ ከመቀመጫው ተነሣ። "ከዘይላ ኤደን፣ ከኤደን ካምባይ፣ ከካምባይ ማላካ! የአባቶቼ መንገድ እኮ ነው!" አለ። ደስ አለን፤ የማይዋሸውን ደስ አለን። አምስት መቶ ዓመት አልፎ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ውቅያኖስ ተሻግሮ ባለ ወደብ የእኛ ሰው ሲቆጠር መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

"ቀስ በሉ" አለ የታሪክ ተማሪው። እሱ መቼም ደስታ ሲያይ ሰዓት የሚመለከት ሰው ነው። "በዚያ ባሕር ላይ የነበረው ሐበሻ ሁሉ ነጋዴ አልነበረም። ቤንጋል ውስጥ ከ1487 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የነገሡት ሐበሾች ከቤተ መንግሥት ባሪያነትና ወታደርነት የተነሡ ናቸው። ደካንን ያስተዳደረው ማሊክ አምባር በልጅነቱ ተሸጦ የሄደ ነው። አሕመዳባድ ውስጥ በ1573 ገደማ ያን ባለ መስኮት መስጊድ ያሠራው ሲዲ ሰይድም ሐበሻ ነው። ከፍ ከፍ ያሉትን እናውቃቸዋለን፤ ያላሉትን ማን ቆጠራቸው? ማላካ የደረሰው ሰው የገዛ ዕቃውን ይዞ የመጣ ይሁን፣ የሌላውን ዕቃ ሊጠብቅ የተቀጠረ ይሁን፣ ወይስ ራሱ ዕቃ ሆኖ የተጫነ ይሁን፣ ከአንዲት ቃል ማወቅ አይቻልም። ፒሬሽ ከነጋዴዎቹ ጋር መድቧቸዋል፤ ይህን ያህል እውነት ይዘን እንቀመጥ።"

ተቀመጥን። ከዚያች ማታ በኋላ ግን ስለዚያ ሰው ስናነሣ "ነጋዴው" ማለት ትተን "የእኛ ሰው" ማለት ለመድን። በምን መልኩ ይሂድ፣ ሄዷልና።

ወደ ጉዞው ዝግጅት እንመለስ። መንገዱ ራሱ አያስቸግርም። ከኳላ ላምፑር ደቡባዊ መናኸሪያ ወደ ማላካ አውቶቡስ በየጊዜው አለ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መናኸሪያው ከአሮጌው ከተማ ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ወይም ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። ባቡር እንዳትፈልግ ነግረናታል፤ ማላካ ድረስ ይገባ የነበረውን ሐዲድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች ነቅለው ለበርማው ባቡር መሥሪያ ወስደውታል። የመመለሻዋ ነገርም ተቃልሏል፦ አየር ማረፊያው በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሚገኝ እሑድ ከማላካ በቀጥታ ወደዚያው ትሳፈራለች።

ጭንቁ ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ትደርሳለች እንበል፤ እሑድ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ትነሣለች። ሠላሳ ሰዓት። ስድስቱን ለእንቅልፍ፣ አራቱን ለምግብና ለመታጠብ ብንቀንስ ሃያ ይቀራል። ሃያ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን አራት አራት ሰዓት ይደርሰናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሁለት ዲግሪ ብቻ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቢመጣም አይገርምም። ከማለዳና ከማታ በቀር ያለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ነው ብሎ የተከራከረም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የእኛ ሰው በነበረበት ዘመን ማንም ሰው ማላካን ለሁለት ቀን ሊያይ መጥቶ አያውቅም። የባሕሩ ጌታ ነፋስ ነበር። ከሕንድ በኩል የሚመጣው መርከብ ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ ይገባል፤ የቻይናው በሰሜን ምሥራቁ። ማላካ ሁለቱ ነፋሶች የሚገናኙበት ደጃፍ ላይ ስለ ተቀመጠች ነው በ1400 ገደማ ፓራሜሽዋራ የሚባል ስደተኛ መስፍን ያቀናት መንደር አንድ መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ዓለም የሚተራመስባት ወደብ የሆነችው። ነጋዴው ዕቃውን ካራገፈ በኋላ ነፋሱ እስኪዞርለት ወራት ይጠብቃል። ቤት ይከራያል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ያገባል። ከተማዋም ይህን አውቃ ለየወገኑ አራት የወደብ ሹማምንት ሾማለች፤ ሻህባንዳር ይሏቸዋል። የእኛ ሰው ፒሬሽ እንደሚለው እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሰዎች ካምባይ ላይ ተቀላቅሎ ከጉጅራቶች ጋር ከተሻገረ፣ ጉዳዩን የሚያየው የጉጅራቶቹ ሹም ነው። ተጓዧ የምትሄድበት ታኅሣሥ ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ወደ ምዕራብ የሚመለሱት መርከቦች ለመነሣት የሚዘጋጁበት ወር ነው። የእኛ ሰው ሲጓጓለት የከረመው ወር ማለት ነው።

የሰዓቱን ድልድል በዕጣ አወጣነው። ቅዳሜ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ለሐረሩ ልጅ ወጣ። ሰዓቱ የፀሐይ ቢሆንም የመረጠው ስፍራ ጥላ አለው፤ በአሮጌው ከተማ ያሉት የቻይናዎች ሱቅና መኖሪያ ቤቶች በፊታቸው ጣራ ያለው መተላለፊያ ስላላቸው ፀሐይም ዝናብም ሳያገኛት ትሄዳለች። እሱ የሚልካት ሦስት የጸሎት ቤቶች ወደ ተደረደሩበት መንገድ ነው፤ አስጎብኚዎች "የስምምነት ጎዳና" እያሉ ይጠሩታል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው የቻይናዎቹ ቼንግ ሁን ቴንግ አለ፤ በ1748 የተመሠረተው የካምፑንግ ክሊንግ መስጊድ አለ፤ በ1781 የተሠራው የሒንዱዎቹ ቤተ መቅደስ አለ። መስጊዱ ሦስት ክፍል ጣራውን እንደ ባርኔጣ ደራርቦ የለበሰ ነው፤ ሚናራው ሲያዩት የቻይና ግንብ ይመስላል። የሐረሩ ልጅ ፎቶግራፉን ደጋግሞ አሳየንና "እነዚህ ሰዎች የማንን መስጊድ እንሥራ ብለው አልተጨነቁም፤ ግንበኛው የሚያውቀውን ሠራ" አለ። ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ጎረቤት ለጎረቤት የተጣበቀ ግድግዳ አዲስ አይሆንበትም። ተጓዧን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥራ እንድትመጣ። "የስምምነት ጎዳና" የሚለውን ስም ለአስጎብኚዎቹ እንተውላቸው፤ ሰማንያ አራቱን ቋንቋ አንድ ገበያ ላይ ያዋለው በስም የተቀባ ጎዳና አይደለም፤ የመዘነው ሚዛንና የማላካ ሱልጣኖች የጻፉት ሕግ ነው፤ ለባሕሩ ብቻ የተለየ ሕግ ነበራቸው።

ከሰዓት በኋላው ለታሪክ ተማሪው ደረሰው፤ እንዳሰበውም ኮረብታው ላይ ያውላታል። መጀመሪያ ያወጣው ዕቅድ የማንኛውም ቱሪስት ዕቅድ ነበር። ቀዩ የደቾች አደባባይ፣ በ1753 ያለቀው ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ፍርስራሽ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ፖርቱጋሎቹ ምሽግ በር። ከተማዋን በ1511 ፖርቱጋሎች፣ በ1641 ደቾች፣ ከ1824ቱ ውል በኋላ ለዘለቄታው እንግሊዞች ወሰዷት፤ እያንዳንዱም የድንጋይ ማስታወሻ ትቶ ሄዷል። የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት እንጨት ነበርና የለም፤ ዛሬ ከኮረብታው ግርጌ የቆመው በ1980ዎቹ የጥንቱ የማላይ ዜና መዋዕል እንደሚገልጸው አስመስለው የሠሩት ነው። የመስጊዱና የመቃብሩ ድንጋይ የት ሄደ ቢሉ ፖርቱጋሎቹ ምሽግ ሠሩበት። ምሽጉንም በተራቸው እንግሊዞች በ1807 ማፍረስ ጀመሩና ከዚያ ሁሉ ግንብ አንድ በር ተረፈች። በሯ ላይ የሚታየው ዓመት ደግሞ 1670 ነው፤ ደቾቹ አድሰው የራሳቸውን ምልክት የለጠፉባት ጊዜ ነው። ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፍራንሲስ ዣቪየር ሬሳ በ1553 ለጥቂት ወራት አርፎ ወደ ጎዋ የተወሰደበት ባዶ መቃብር አለ፤ በደጁ የቆመው ሐውልቱ ቀኝ እጁ የለም።

ይህን ይዞ ደስ ብሎት ሳለ አንድ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ፊቱን ጥሎ መጣ። "ማላካን በነሐሴ 1511 የያዘው አልቡከርክ ነው አይደል?" አለን። ነው አልነው። "ንግሥት እሌኒ በ1509 ደብዳቤ አስይዘው የላኩት ማቴዎስ በ1512 መጨረሻ ጎዋ ሲደርስ የተቀበለው ማን መሰላችሁ?" ዝም አልን። ራሱ አልቡከርክ ነው። ማላካን ካዘረፈ ገና ዓመት ተኩል ሳይሞላው የእኛን መልእክተኛ በክብር ተቀብሎ ወደ ሊዝቦን የላከው ያው እጅ ነው። ይባስ ብሎ በ1541 ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማንና አራት መቶውን ወታደር ምጽዋ ድረስ ይዞ የመጣው ወንድምየው ኤስቴቫዎ ዳ ጋማ ከዚያ በፊት ከ1534 እስከ 1539 የማላካ ምሽግ አዛዥ ነበር።

ምን ይባላል? የሐረሩ ልጅ አልተናገረም፤ ይናገራል ብለን ጠብቀን ነበር። የቋንቋ ተማሪዋ ናት "እሌኒም እኮ የሐድያ ልጅ ናቸው፤ ከእስላም ቤት የወጡ ናቸው። ወዳጅ ሲፈልጉ ወዳጅየው ሌላ ቦታ ማንን እንደሚያቃጥል ማን ነግሯቸው?" ያለችው። የታሪክ ተማሪው "ቢነገራቸውስ ይተዉት ነበር?" አለ። እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተጨቃጨቅን፤ አልተስማማንም። ጭቅጭቁ ግን የጉዞውን ሰዓት ቀየረው። መጀመሪያ ምሽጓ በር ላይ ለፎቶግራፍ አንድ ሰዓት ተይዞ ነበር፤ አሁን ዐሥር ደቂቃ ነው። የቀረው ከወንዙ አፍ ዳር ለቆመችው መርከብ ተሰጠ። ያቺ መርከብ አልቡከርክ የማላካን ዝርፊያ ጭኖባት ሲመለስ በ1511 መጨረሻ ሱማትራ አጠገብ የሰጠመችው የ"ፍሎር ደ ላ ማር" አምሳያ ናት፤ ሆዷ ሙዚየም ነው። ዝርፊያው ሊዝቦን አለመድረሱን ማየት የታሪክ ተማሪውን ትንሽ ያጽናናው ይመስላል።

የቅዳሜ ማታ የቴያትር ተማሪው ነው፤ በዕጣው ሁላችንም ቀንተንበታል። ጆንከር የሚባለው መንገድ ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ ለመኪና ይዘጋና ገበያ ይሆናል። እሱ ግን ገበያው መካከል መቃብር ነው የሚፈልገው። ማሌዢያውያን ልጅ ሆነው የሚሰሙት የሐንግ ቱዋና የሐንግ ጀባት ታሪክ አለ። ሁለቱ ወንድማማች ያህል የሚዋደዱ የማላካ ጀግኖች ናቸው። ሱልጣኑ በሐሜት ተነሣሥቶ ቱዋ ይገደል አለ፤ ቢትወደዱ ግን ሸሸገው። ጀባት ወዳጁ በግፍ የሞተ መስሎት ሱልጣኑ ላይ ሸፈተ፤ ቤተ መንግሥቱንም ያዘ። የሚመልሰው ሲጠፋ ቱዋ ከተሸሸገበት ወጣና፣ ለእሱ ሲል የሸፈተውን ጓደኛውን ስለ ሱልጣኑ ሲል ገደለው። ለብዙ ዘመን ጀግናው ቱዋ ነበር። ባለቅኔው ኡስማን አዋንግ በ1960ዎቹ መባቻ ለመድረክ ሲጽፈው ግን ጀግናው ጀባት ሆነ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! እኛም ለሁለት ተከፈልን፤ ሦስቱ ለጀባት፣ ሁለቱ ለቱዋ። ቱዋን የደገፉት እነማን እንደሆኑ እንዳንጽፍ ተለምነናል። ከጆንከር አጠገብ የጀባት ነው የሚባል መቃብር አለና ተጓዧ እዚያ ደርሳ፣ ሰዎቹ ምን አኑረውበት እንደሚሄዱ አይታ ትመጣለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት የሆድ ነው።

ስለ ሆድ ካነሣን የጾሙ ነገር አለ፤ ጉዞው ጾመ ነቢያት ላይ ነው የሚውለው። ሕንዶቹ በሙዝ ቅጠል ላይ የሚያቀርቡት ሩዝና አትክልት ያድናታል። ችግሩ ብላቻን ነው። ብላቻን ማለት ከሽሪምፕ የሚሠራ ድልህ ነው፤ ማሌዢያውያን ንጹሕ ጎመን በሚመስል ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይጨምሩታል። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው የቆየ ክርክር ሳያልቅ የሽሪምፕ ድልህ ክርክር ተጨመረብን። ያልተከራከርንበት ቼንዶል ብቻ ነው፦ በረዶ፣ የኮኮናት ወተትና የማላካ የዘንባባ ስኳር። ይህን አንድ ሳህን በእያንዳንዳችን ስም ትበላለች፤ አምስት ሳህን መሆኑ ነው።

እሑድ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት የቋንቋ ተማሪዋ ድርሻ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሕር ዳር፣ ኡጆንግ ፓሲር በሚባለው አካባቢ፣ በ1930ዎቹ ለፖርቱጋል ዘር ዓሣ አጥማጆች የተመሠረተ ሰፈር አለ። ፖርቱጋሎች ማላካን ከለቀቁ ከ380 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ክሪስታንግ የሚባለው ከፖርቱጋልኛና ከማላይ የተወለደው ቋንቋ ግን እዚያ ሰፈር እስከ ዛሬ ይነገራል። ተናጋሪው እያነሰ፣ ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛ እየሄዱ ነው። የቋንቋ ተማሪያችን ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል፤ የአያቷን ቋንቋ እሷ አትችለውም። ተጓዧ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አግኝታ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ ካልጠሏት ቁጭ ብላ እንድታዳምጥ ነው የምትፈልገው። "መቅረጫ አታውጪባቸው፤ ዝም ብለሽ ስሚ" ብላታለች። የገና መብራት በየቤቱ የሚሰቀልበት ወር ስለሆነ ማታ ቢሆን ያምር ነበር፤ ማታው ግን በቴያትር ተማሪው ተይዟል። ይህን ይቅር አላለችውም።

ማላይኛውንም አስጠንታታለች። ከዐረብኛ የወረሱትና እኛም የወረስነው ቃል ብዙ መሆኑ ረድቷል። ወረቀት "ክርታስ" ነው፤ እኛም ክርታስ እንላለን። ጊዜን "ዋክቱ" ይሉታል፤ የእኛው ወቅት ነው። ሳሙናቸው "ሳቡን" ነው። የሚያስፈራው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ በእነሱ "ሐኪም" ማለት ዳኛ ነው። "ቢያምሽ ሐኪም አምጡልኝ እንዳትይ፤ ፍርድ ቤት ነው የሚወስዱሽ" ብለን አሥሬ ነግረናታል።

የቀረው የተጓዧ የራሷ ድርሻ ነው። እሑድ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ከሁሉም የሚሻለው፣ ፀሐዩ ያልከረረበት ሰዓት። ምን ልታይበት እንዳሰበች ስንጠይቃት "ምንም። ወንዙ ዳር እቀመጣለሁ" አለች።

ብራችን ጮኸ። የታሪክ ተማሪው አሥራ ሁለት ሺህ ያህል መቃብር ያለበትን የቻይናዎች ኮረብታ ጠቆማት፤ በ1984 ሊደለደል ተብሎ ስንት ሰው የተሟገተለት ነው አላት። የቴያትር ተማሪው በአበባና በአሻንጉሊት ተሸልሞ ሙዚቃ የሚያስጮኸውን የሦስት እግር ብስክሌት አቀረበላት (እሱ ራሱ ቢሆን አይሳፈረውም)። የሐረሩ ልጅ ደግሞ "ለመቀመጥ ለመቀመጥ እዚህስ መች አጣሽ?" አለ።

እሷ መለሰች። "የእናንተን አሥራ ስድስት ሰዓት እንደ መልእክተኛ አደርሳለሁ፤ እርምጃም እቆጥራለሁ፣ አምስት ሳህንም እበላለሁ። ግን የእኛ ሰው እዚያ ከተማ አብዛኛውን ቀን ምን ሲያደርግ ነበር? ነፋስ ሲጠብቅ አይደለም እንዴ? ቤተ ክርስቲያኑን አላየም፤ አልተሠራም ነበር። ምሽጉን ቢያየው እንኳ ሲሠራ ነው ያየው። እሱ ያየው ነገር ከሁሉም የቀረው ወንዙ ነው። ለአራት ሰዓት ደግሞ ልጠብቅለት።"

የታሪክ ተማሪው በዚህ እንኳ አላለፋትም። የወንዙ አፍ እንደ ድሮው አይደለም አላት። ባሕሩ በአፈር ተደልድሎ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ማዕበል ይመታት የነበረችው የምሽግ በር ዛሬ ከባሕር ርቃ ነው የምትገኘው፤ ድሮ ውሃ የነበረው ቦታ ላይ የገበያ አዳራሾች ተሠርተውበታል። የእኛ ሰው ከጀልባ የወረደበት ሥፍራ ምናልባት ዛሬ ጫማ የሚሸጥበት ይሆናል። ካርታውን በስልክ ከፍተን ብዙ ካየን በኋላ ባሕሩን ትተን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከቀዩ አደባባይ አጠገብ ካለው ድልድይ ወረድ ብላ እንድትቀመጥ ተስማማን። የ1511ዱም ውጊያ የተካሄደው ከድልድይ ላይ ነበር፤ ሁለቱን የከተማዋን ወገኖች የሚያገናኘው፣ ሰውም ገበያም የሚተላለፍበት እሱ ነበርና። ወንዙ ባይሰፋም ባይጠብም፣ ያው ወንዝ ነው።

ዕቅዱ በሁለት ገጽ ተጽፎ አልቋል። ቪዛው ገና አልወጣም። የታሪክ ተማሪው ከእሑድ ማለዳው ላይ አንዲት ሰዓት ብቻ ለቻይናዎቹ ኮረብታ እንድትለቅለት በየቀኑ እየለመናት ነው፤ በለውጡ ከራሱ ድርሻ የምሽጓን በር ዐሥር ደቂቃ ሊሰጣት ተስማምቷል። እስካሁን እምቢ ብላለች።